የተጣለ ዕቃና የሠዓሊ ዐይን

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች፣ ይህን ትምህርት በጥሞና ተከታትላችሁ ስትፈጽሙ፤
1. ስለ ጥበብ ሥራ የተጻፈ ምንባብ አንብባችሁ ዋና ሐሳቡን ለይታችሁ ታስረዳላችሁ፤
2. አድራጊና ተደራጊ ግሦችን ለይታችሁ በየቦታቸው ትጠቀማላችሁ፤
3. አንድን ተራ ዕቃ የሚገልጽ አጭር ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።
1. ባለፈው ሳምንት ከቤታችሁ ምን ምን ዕቃ ተጣለ? ማን ጣለው? ከቤታችሁ ከወጣ በኋላስ ወዴት የሄደ ይመስላችኋል?
2. «ጥበብ» ሲባል በመጀመሪያ ወደ ሐሳባችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ከወርቅ፣ ከእብነ በረድ ወይም ከቀለም ያልተሠራ ነገር ጥበብ ሊባል ይችላል?

ለ. ምንባብ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ፣ ቤታችሁ አየር ጤናም ይሁን ቤቴል፣ አጠና ተራም ይሁን ረጲ፣ አንድ ጥሪ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ታውቃላችሁ። ባዶ ማዳበሪያ በትከሻው ያነገተ ሰው በየመንደሩ እየዞረ «ቁራሌው!» ይላል። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው አነጋገር አጥሮ የመጣ ነው ሲባል ይሰማል። ከእርሱ ቀጥሎም «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። አሮጌ ልብስ ይሰጣል፤ በምትኩ ሳህን ወይም የፕላስቲክ ባልዲ ይወሰዳል። ባዶው ጠርሙስ፣ የተቀደደው ጫማ፣ የተበሳው ድስት፣ ድምፁ የጠፋው ራዲዮ፣ ማናቸውም ከቤት ይወጣሉ። በሩም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ስለ ዕቃው የሚያስብ የቤት ሰው አይኖርም።

ዕቃው ግን ጉዞውን ገና መጀመሩ ነው። ከኮልፌ በስተ ምሥራቅ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ታላቁ ገበያ መርካቶ ይገኛል። በመርካቶ ውስጥ «ምናለሽ ተራ» የሚባል ስፍራ አለ። ከየመንደሩ የተለቀመው ግሳንግስ ሁሉ የሚፈስሰው ወደዚያ ነው። በዚያም ብረቱ ከፕላስቲኩ፣ ጠርሙሱ ከቆርቆሮው ይለያል። ያረጀ የመኪና ጎማ ይቆረጥና በረባሶ ይሆናል። ባዶ በርሜል ይቀጠቀጥና የከሰል ምድጃ ይወጣዋል። ባዶ ጣሳ አፉ ላይ ክር ገብቶለት ኩራዝ ይሆናል። በምናለሽ ተራ «አበቃለት» የሚባል ዕቃ በቀላሉ አይገኝም።

ማንም ያልፈለገው ደግሞ ሌላ መንገድ ይሄዳል። የከተማው ቆሻሻ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሲጣል የኖረው በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ረጲ አጠገብ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» በሚለው ስፍራ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተጣለው ነገር እየተደራረበ ተራራ አከለ። በተራራው ጫፍና ግርጌ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ፣ ከክምሩ ላይም የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያች ሌሊት ብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ የጣለው ዕቃ ከሰው ቤት በላይ እንደ ተከመረ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ።

እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል፣ ማለት ዳግመኛ በሚያገለግለውና ለዘለዓለም በሚጣለው ዕቃ መካከል፣ ሦስተኛ መንገድ የከፈቱ አንድ ኢትዮጵያዊ የጥበብ ሰው አሉ። እርሳቸውም ሠዓሊና ቀራጺ ኤልያስ ስሜ ናቸው።

ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1990 ተመረቁ። በትምህርት ቤት ቀለምና ብሩሽ ይዘው የሠለጠኑት እኚህ ሰው ውለው አድረው የሥራቸውን ዋና ቁሳቁስ ፍለጋ ወደ መርካቶ ወረዱ። መጀመሪያ ላይ ክር፣ ያገለገለ ቁልፍ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ፕላስቲክ፣ ቀንድ፣ እንዲሁም ጭቃና ጭድ ይጠቀሙ ነበር። ሸራ ላይ በብሩሽ ፈንታ በመርፌና በክር ሥዕል ሰፉ። በኋላ ደግሞ ዐይናቸው በዘመናችን በብዛት ወደሚጣለው ዕቃ ዞረ። እርሱም ያረጀ የኮምፒዩተርና የስልክ አካል፣ የኪቦርድ ፊደል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በላዩም ጥቃቅን ነገሮች የተተከሉበት አረንጓዴ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ነው።

አሠራራቸውን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። መጀመሪያ ዕቃው ይሰበሰባል። ይህ ብቻ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈጃል፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ሽቦ የሚፈለገውን ያህል እስኪሞላ ድረስ መጠበቅ ግድ ነውና። ቀጥሎ ዕቃው በቀለም፣ በመጠንና በቅርጽ ይለያል። ከዚያም ቀጫጭኑ ሽቦ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ጉንጉኑም በጣውላ ሰሌዳ ላይ በጥቃቅን ሚስማር እየተያያዘ ይደረደራል። በመጨረሻ ሰሌዳዎቹ ጎን ለጎን ሲገጠሙ፣ ግድግዳ የሚሸፍን አንድ ታላቅ ሥራ ይወጣል።

ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ሥራው ከአውሮፕላን የታየ አገር ይመስላል፤ ማሳው በየድንበሩ ተከፍሎ፣ ወንዙ ተጠማዝዞ፣ መንደሩ ተጠጋግቶ ይታያል። ለሌላው ተመልካች ጥበበኛ የሸመነው ጥለት ይመስለዋል። ሁለት እርምጃ ቀርቦ ሲያየው ግን ወንዝ ያለው ነገር የሽቦ ጉንጉን፣ መንደር ያለውም የኪቦርድ ፊደሎች ሆነው ያገኛቸዋል። በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣበታል፦ «ይህን ፊደል ሲጫን የኖረው የማን ጣት ነው? ምን ጽፎበት ይሆን?» እያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ ሰው እጅ ውስጥ ያለፈ ነው። ሥራው ያንን ያልታወቀ ሰው ያስታውሰናል።

ኤልያስ ከሽቦና ከኮምፒዩተር አካል ለሠሯቸው ተከታታይ ሥራዎች የሰጡት ስም በአማርኛ «የተወጠረ ገመድ» ማለት ነው። በተወጠረ ገመድ ላይ የሚሄድ ሰው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያዘነብል ይወድቃል። የዛሬው ሰውም እንዲሁ ነው። ስልኩና ኮምፒዩተሩ ከሩቅ ወዳጁ ጋር ያገናኙታል፤ ዕውቀትንም ያቀርቡለታል። በሌላ በኩል ግን ዕቃዎቹ ፈጥነው ያረጃሉ፤ ሲጣሉም በውስጣቸው ያለው እርሳስና ሌላው መርዛም ነገር አፈርንና ውሃን ይበክላል። በልዩ ልዩ አገሮች መዳቡን ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥሉ ድኾች ጭሱን ይተነፍሳሉ። ገመዱ የተወጠረው በእነዚህ በጥቅሙና በጉዳቱ መካከል ነው።

የተሠራ ዕቃን እንዳለ አንሥቶ ጥበብ የማድረግ ሐሳብ በሌላው ዓለምም ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1913 የብስክሌት ጎማ ወስዶ በመቀመጫ በርጩማ ላይ ተከለ። በዚህም «ጥበብ በእጅ ብቻ ሳይሆን በመምረጥም ይሠራል» የሚለውን ክርክር አስነሣ። ከእርሱ በኋላ የመጣው አርማን እ.ኤ.አ. በ1928 ኒስ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ነበር። አርማን አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት እየሰበሰበ በአንድነት መከመርን ዋና መለያው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1960 ፓሪስ በሚገኝ አንድ የሥዕል ማሳያ ክፍል ውስጥ ቆሻሻና ቅራቅንቦ እስከ ጣሪያው ድረስ ሞላበት። ሥዕል ለማየት የመጣው ሕዝብ መግባት ተስኖት በመስኮት እያየ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ 60 ያህል እውነተኛ መኪናዎችን በሲሚንቶ ውስጥ ደራርቦ ከፍ ያለ ግንብ አቆመ። የአገሩ ሰው ሴዛርም መኪናን በመጭመቂያ መሣሪያ እየጨፈለቀ ሐውልት ያደርግ ነበር።

በሁለቱ አገሮች ሥራ መካከል ግን ልዩነት አለ። አርማን ይኖርበት የነበረው ኅብረተሰብ ፋብሪካው ዕቃ የሚያጎርፍበት፣ ሰዉም አዲስ እየገዛ አሮጌውን ቶሎ የሚጥልበት ነበር። ስለዚህ አርማን ያንኑ ብዛት ክምር አድርጎ በሰዉ ፊት አቆመው፤ «ተመልከቱ፣ ይህን ያህል ነው» እንደማለት ነው። የአዲስ አበባው ሠዓሊ ግን ዕቃውን ያገኙት ከስንት እጅ ካለፈ በኋላ ነው። ቁራሌው ገዝቶታል፤ ለቃሚው ለይቶታል፤ ነጋዴው መዝኖታል። ኤልያስም አይከምሩትም፤ ይጎነጉኑታል፣ ያሰናስሉታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ብቻውን ዋጋ የሌለው ቀጭን ሽቦ ከብጤዎቹ ጋር ሲያብር ኃይል ያገኛል።

እዚህ ላይ «ይህንማ ማንም ሊሠራው ይችላል» የሚል ተማሪ አይታጣም። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባውም፤ መልስ ይፈልጋል። በእርግጥ ሽቦውን ማንም ሊያነሣ ይችላል። ነገር ግን ከሺህ ቁራጮች መካከል የትኛው ከየትኛው ጎን መዋል እንዳለበት መወሰን፣ አንዱን ቀለም ከሌላው ማስማማት፣ ለዚህም ወራት ሙሉ መታገሥ የማንም ሥራ አይደለም። ምድጃ ሠሪው ለበርሜሉ አዲስ አገልግሎት ይሰጠዋል። ሠዓሊው ደግሞ ዕቃውን ከአገልግሎት ያሳርፈውና እንዲታይ ያደርገዋል። ዕቃ ሲያገለግል ሰው አያየውም፤ ሲጣልም አያየውም። ሠዓሊው ነው ቆሞ እንዲያየው የሚያስገድደው።

ኤልያስ ስሜ ከተመራማሪዋና ከጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2002 ዞማ የተባለውን የጥበብ ማዕከል አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ መካኒሳ አካባቢ የዞማ ሙዚየም ለሕዝብ ተከፈተ። የሙዚየሙ ሕንፃዎች ብዙው የአገራችን ሰው ቤቱን ሲሠራበት በኖረው በጭቃና በጭድ የታነጹ ናቸው። በግድግዳዎቹም ላይ ጭቃው እንደ ጥልፍ ተቀርጾ ይታያል። በዚያው በ2019 የሠዓሊው ሥራዎች በአሜሪካ አገር በሙዚየም ለብቻቸው ተሰብስበው ቀረቡ፤ በዋሽንግተን የሚገኘው የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየምም ሸለማቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራቸው በጣልያን አገር በቬኒስ ዓለም አቀፍ የጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ታየ። ከምናለሽ ተራ የተለቀመ ሽቦ ይህን ያህል መንገድ ተጓዘ።

ይህ ሁሉ ሽልማት ግን የነገሩ ፍሬ አይደለም። ፍሬው ይህ ነው፦ ዕቃ በተፈጥሮው ቆሻሻ አይደለም፤ ቆሻሻ የሚሆነው ሰው ሲጥለው ነው። የሚጥል ካለ ደግሞ የሚያነሣ አለ። ዕቃው ከዐይናችን ሲርቅ፣ የሚያነሣውም ሰው አብሮ ከዐይናችን ይርቃል። የተጣለውን ማየት የጀመረ ሰው አንሺውንም ማየቱ አይቀርም።

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የገቡ ናቸው። ፍቻቸውን አጥኑ።

ግሳንግስ፦ አገልግሎቱ ያልተለየ፣ ተደበላልቆ የተቀመጠ ልዩ ልዩ ዕቃ።
ቅራቅንቦ፦ ያረጀ፣ የተሰባበረ፣ የማይረባ ዕቃ ስብስብ።
ልዋጭ፦ አሮጌ ልብስን ወይም ዕቃን በሌላ ዕቃ የመለወጥ ንግድ።
ጎነጎነ፦ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክርን፣ ፀጉርን፣ ሽቦን እያፈራረቀ አያያዘ።
አሰናሰለ፦ አንዱን ከአንዱ አያይዞ እንደ ሰንሰለት አደረገ።

«ተራ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለይታችሁ ተመልከቱት። ቃሉ ከአንድ በላይ ፍቺ አለው። «ምናለሽ ተራ» ወይም «አጠና ተራ» ስንል አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥበትን ስፍራ ያመለክታል። «ተራህን ጠብቅ» ስንል ቅደም ተከተልን ያመለክታል። «ተራ ዕቃ» ስንል ደግሞ ልዩነት የሌለውን፣ የትም የሚገኘውን ነገር ያመለክታል። ሦስቱን ፍቺዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማግኘት ይቻላል፦ «ከምናለሽ ተራ የመጣ ተራ ዕቃ፣ በተራ በተራ ሲደረደር ጥበብ ሆነ።»

መ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

በምንባቡ ውስጥ «ተጣለ፣ ተለቀመ፣ ተከመረ» የሚሉት ግሦች ደጋግመው መምጣታቸውን አስተውላችኋል? እነዚህ ተደራጊ ግሦች ይባላሉ።

አድራጊ ግሥ ባለቤቱ ድርጊቱን ራሱ መፈጸሙን ያመለክታል። ተደራጊ ግሥ ግን ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ መፈጸሙን ያመለክታል። ብዙውን ጊዜ ተደራጊው ግሥ በአድራጊው ግሥ መነሻ ላይ «ተ» ተጨምሮበት ይገኛል።

አድራጊ፦ ጣለ፣ ለቀመ፣ ከመረ፣ ጎነጎነ፣ ገዛ
ተደራጊ፦ ተጣለ፣ ተለቀመ፣ ተከመረ፣ ተጎነጎነ፣ ተገዛ

ዓረፍተ ነገሩ ከአድራጊ ወደ ተደራጊ ሲለወጥ ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ።

1. ሠዓሊው ሽቦውን ጎነጎነ። (አድራጊ)
2. ሽቦው በሠዓሊው ተጎነጎነ። (ተደራጊ)
3. ሽቦው ተጎነጎነ። (ተደራጊ)

በአንደኛው ዓረፍተ ነገር «ሽቦውን» ተሳቢ ነው፤ «ን» የሚለውን ምልክት ይዟል። በሁለተኛው ግን ተሳቢ የነበረው «ሽቦው» ባለቤት ሆኗል፤ «ን»ም ወድቋል። ባለቤት የነበረው «ሠዓሊው» «በ» የሚለውን መስተዋድድ ይዞ መጥቷል። ግሡም «ተ»ን ጨምሯል። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እዩ። ሰዋስዉ ምንም ጉድለት የለበትም፤ ነገር ግን ሠዓሊው ከዓረፍተ ነገሩ ጨርሶ ጠፍቷል።

ተደራጊ ግሥ ይህን ያህል ኃይል አለው፤ ድርጊቱን አስቀርቶ አድራጊውን ይሰውራል። ስለሆነም በቦታው ልትጠቀሙበት ይገባል። አድራጊው የማይታወቅ ሲሆን፣ ወይም ከአድራጊው ይልቅ ድርጊቱ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ተደራጊ ግሥ ተገቢ ነው። ስለ አሠራር የሚተርከውን የምንባቡን ክፍል መለስ ብላችሁ አንብቡ። «ዕቃው ይሰበሰባል፣ ይለያል፣ ይጎነጎናል፣ ይደረደራል» ተብሎ የተጻፈው አንባቢው የሥራውን ቅደም ተከተል እንዲይዝ ነው።

ነገር ግን ተጠያቂ ያለውን ድርጊት በተደራጊ ግሥ መሸፈን እንደ ልማድ ከተያዘ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን አስተሳሰብንም ያበላሻል። የሚከተሉትን አራት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ቆሻሻው ወደቀ።
2. ቆሻሻው ተጣለ።
3. ቆሻሻው በሰፈሩ ሰዎች ተጣለ።
4. እኛ ቆሻሻውን ጣልን።

«ወደቀ» ቆሻሻው በራሱ የመጣ ያስመስላል። «ተጣለ» ጣይ እንዳለ ይጠቁማል፤ ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሦስተኛው ይናገራል፤ ነገር ግን ሌላ ሰው አድርጎ ይናገራል። አራተኛው ብቻ ተናጋሪውን ከአድራጊዎቹ ጋር ይቆጥራል። ስለ አንድ ጉዳይ ስትጽፉ «ከእነዚህ ከአራቱ እውነቱን የሚይዘው የትኛው ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። «በቆሼ ቆሻሻ ተከመረ» ብሎ መጻፍ ስሕተት አይደለም። «ማን ከመረው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ «የከተማው ነዋሪ ሁሉ» ይሆናል።

ማስታወሻ፦ ግሥ «የ» ሲጨመርበት ስምን የሚገልጽ ሐረግ ይሆናል። «ዕቃው ተጣለ» የሚለው «የተጣለ ዕቃ»፣ «ጠርሙሱ ተሰበረ» የሚለውም «የተሰበረ ጠርሙስ» ይሆናል። ግሡ በ«አ» የሚጀምር ሲሆን «የ» እና «አ» ተዋሕደው «ያ» ይሆናሉ፦ አረጀ፣ ያረጀ፤ አገለገለ፣ ያገለገለ። ድርጊቱ ገና የሚፈጸም ወይም ዘወትር የሚፈጸም ሲሆን ደግሞ «የሚ» እንጠቀማለን፦ የሚጣል ዕቃ።

ሠ. ድርሰት፦ ገላጭ ድርሰት አጻጻፍ

ገላጭ ድርሰት አንድን ነገር አንባቢው ፊት ለፊት ያየው እስኪመስለው ድረስ በቃላት የሚያሳይ ድርሰት ነው። ኤልያስ ስሜ ሥራቸውን ሲሠሩ የሚከተሉት ቅደም ተከተል ለእናንተም ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ሰብስቡ። ልትገልጹት የፈለጋችሁትን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ቀለሙን፣ ክብደቱን፣ ሽታውን፣ የተጫጫረበትን ስፍራ ሁሉ በማስታወሻ ጻፉ። ሁለተኛ ለዩ። ከጻፋችሁት ውስጥ የማያስፈልገውን ሰርዙ። ሦስተኛ ደርድሩ። ከሩቅ ከሚታየው ተነሥታችሁ ቀርቦ ወደሚታየው፣ ወይም ከውጭው ወደ ውስጡ ሂዱ። አራተኛ አያይዙ። ዕቃው ከሰው ኑሮ ጋር ያለውን ግንኙነት አሳዩ፤ ያለዚህ ድርሰቱ የዕቃ መዝገብ ሆኖ ይቀራል።

«ቆንጆ፣ ድንቅ፣ እጅግ የሚያስገርም» የሚሉትን ቃላት አታብዙ። አንባቢው እንዲገረም ከፈለጋችሁ የሚያስገርመውን ነገር አሳዩት፤ መገረሙን ለእርሱ ተዉለት። ለናሙና የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ።

«በረባሶ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጥቁር ጫማ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ከሌላው ክፍት ጫማ እምብዛም አይለይም። አንሥተው ሲይዙት ግን ይከብዳል። ገልብጠው ሲመለከቱት የጎማው ጥርስ አልጠፋም፤ በመሐል በመሐሉም ከመንገድ የለቀመው ጠጠር ተሰክቶ ይታያል። ያ ጎማ አንድ ጊዜ ጭነት ተሸክሞ ብዙ አገር ዞሯል። አሁን ደግሞ ጭነት የሚሸከም ሰውን ይሸከማል። ጫማ ሠሪው ጎማውን አልፈጠረውም፤ ቢላዋውን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት ግን ያውቃል።»

አንቀጹ ከሩቅ ወደ ቅርብ እንዴት እንደ ሄደ አስተውሉ። «ሲያዩት፣ ሲይዙት፣ ሲመለከቱት» የሚሉት ግሦች አንባቢውን በእጁ እየመሩ ይወስዱታል። ከዚያም ጸሐፊው ዕቃውን ከሚጫማው ሰው፣ መጨረሻ ላይም ከሠሪው ጋር አያይዞታል። በአንቀጹ ውስጥ ለማንም እንግዳ የሆነ ቃል የለም። ሽቦውን ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ሁሉ፣ ቃሉንም ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ደራሲን ደራሲ የሚያሰኘው ምርጫውና አደራደሩ ነው።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ከቤት የወጣ አሮጌ ዕቃ በየትኞቹ ሁለት መንገዶች ይሄዳል? ሦስተኛው መንገድስ ምንድን ነው?
2. የኤልያስ ስሜ ሥራ ከሩቅና ከቅርብ ሲታይ ልዩነቱ ምንድን ነው?
3. «የተወጠረ ገመድ» የሚለው ስም ምን ሐሳብ ይዟል?
4. የአርማንና የኤልያስ ስሜ አሠራር በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያያል?
5. «ዕቃ ሲያገለግል ሰው አያየውም፤ ሲጣልም አያየውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ እየሰጣችሁ አብራሩ።

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ከአድራጊ ወደ ተደራጊ ለውጡ። በመጀመሪያ አድራጊውን ጠብቁ፤ ቀጥሎም አድራጊውን አስቀርታችሁ ጻፉ። አድራጊው ሲቀር ከትርጉሙ ምን እንደ ጎደለ ተናገሩ።
1. ቁራሌው ጠርሙሶቹን ገዛ።
2. ነጋዴዋ ብረቱን መዘነች።
3. አርማን መኪናዎቹን በሲሚንቶ ውስጥ ደረደረ።
4. ልጆቹ ፕላስቲኩን በወንዙ ውስጥ ጣሉ።
5. ባለሙያዎቹ ግድግዳውን በጭቃና በጭድ ሠሩ።

መልመጃ ሦስት። በሚከተሉት ግሦች «የ» ወይም «የሚ» ጨምራችሁ ስምን የሚገልጽ ሐረግ መሥርቱ፤ በየሐረጉም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
ተቀደደ፣ አረጀ፣ ይለቀማል፣ ተጎነጎነ፣ ያገለግላል

መልመጃ አራት። በክፍል ውስጥ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ በሚከተለው ርእስ ተከራከሩ፦ «ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነገር እውነተኛ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም?» ተከራካሪው ሁሉ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ነጥብ በመጀመሪያ በትክክል መድገም፣ ቀጥሎም መልስ መስጠት አለበት።

መልመጃ አምስት። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከ150 እስከ 200 ቃላት ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።
1. በቤታችን ያለ አንድ አሮጌ ዕቃ
2. ከሰፈራችን የሚለቀመው ነገር ጉዞ
3. በሰፈራችን ዕቃ የሚሰበስብ ሰው የአንድ ቀን ሥራ

ሦስተኛውን ርእስ የመረጣችሁ ተማሪዎች ከመጻፋችሁ በፊት ሰውዬውን ወይም ሴትዮዋን በአክብሮት ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አነጋግሩ። ድርሰታችሁን ስትጨርሱም ግሦቻችሁን አንድ በአንድ መርምሩ። ተደራጊ ግሥ በገባበት ቦታ ሁሉ «አድራጊው ማን ነው? ለምንስ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያለ ምክንያት የቀረ አድራጊ ካገኛችሁ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መልሱት።